ሱዳን፡ ማረፊያ ቤቶች በኬላ የተተኩባቸው መንገዶች

የሱዳን ጦር ሠራዊት እአአ መጋቢት 2025 የካርቱምን ቤተ መንግሥት ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ (አርኤስኤፍ) ቢያስለቅቅም፣ የድሉ መሠረት የተጣለው ከከተማዋ ርቀው በሚገኙ የመንገድ መጋጠሚያዎች ላይ ነበር። ጦሩ አስቀድሞ በጥቅምት 2024 የሴናርንና የነጭ ዓባይን ግዛቶች በሚያገናኘው መንገድ ላይ የሚገኘውን ጀበል ሞያን፣ በጥር 2025 ደግሞ በካርቱምና በገዳሪፍ መካከል ያለችውን ዋድ መዳኒን መልሶ ይዟል።

መንገድ የያዘ አገር ይገዛል የሚለው ስሌት በሱዳን አዲስ አይደለም።

ሐዲድ እና ማረፊያ ቤት

ካርቱም የተቆረቆረችው በ1820ዎቹ፣ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት ስፍራ የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና ነው። የማህዲስቶች መንግሥት በ1898 ኦምዱርማን አቅራቢያ ሲሸነፍም፣ የኪችነርን ጦር ስንቅና መሣሪያ ያጓጓዘው ከዋዲ ሐልፋ ተነስቶ በረሃውን ያቋረጠው የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱ ከጊዜ በኋላ ወደ ምዕራብ ቀጥሎ በ1959 ኒያላ ደረሰ።

ባቡር በሌለበት የቅኝ አገዛዙ ሹማምንት በግመልና በፈረስ እየተዘዋወሩ ግብር ይቆጣጠሩና አቤቱታ ይሰሙ ነበር። በየመንገዱ የተሠሩት የመንግሥት ማረፊያ ቤቶች ለሹሙ የአንድ ሌሊት መኝታ፣ ለአካባቢው ነዋሪ ግን የካርቱም ሥልጣን እደጃፉ የመድረሱ ምልክት ነበሩ።

ያልደረሰው አስፋልት

ይህ ሥልጣን ለሁሉም እኩል አገልግሎት ይዞ አልሄደም። በ1990ዎቹ የዳርፉርና የኮርዶፋን ነዋሪዎች ‘ኢንቃዝ’ ለተሰኘው የምዕራብ መንገድ ግንባታ የስኳር ራሽናቸውን ቢሰጡም፣ አስፋልቱ በተባለው ጊዜ አልደረሰም። የገንዘቡ ጉዳይም ‘ማዕከሉ ገፍቶናል’ ለሚለው ቅሬታ አንድ ማስረጃ ሆነ። ኤል ፋሸር በጥቅምት 2025 በአርኤስኤፍ እጅ ስትወድቅ፣ ከካርቱም ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው መስመር ኮርዶፋን ላይ በጦር ግንባር ተቆርጦ ነበር።

በኬላ የሚኖር ጦርነት

መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ ያርፍባቸው በነበሩ መስመሮች አሁን ኬላዎች በዝተዋል። ሁለቱም ወገኖች ከጭነት መኪኖች ክፍያ ይሰበስባሉ፤ ይህም የእህል ዋጋን ያንራል፣ እርዳታንም ያዘገያል። ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ሲፈነዳ፣ በካርቱም ይኖሩ የነበሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ የተሰደዱትም በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው።

ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ መመለስ ብቻውን የመንግሥትን መመለስ አያረጋግጥም። ዋናው መለኪያ ከፖርት ሱዳን እህል ጭኖ የተነሳ ሾፌር በየኬላው ሳይከፍልና ሳይፈራ ዳርፉር መድረስ መቻሉ ነው።