የመስጊዱ በር ከመፍረሱ በፊት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

በየከተማችን ያሉ የድሮ መስጊዶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። በራቸው ጠባብና ዝቅ ያለ፣ ደፋቸው ከፍ ያለ፣ ግድግዳቸው ወፍራም ነው። ሲሠሩ ሰጋጁ ጥቂት ነበር። ዛሬ የጁሙዓ ቀን ሰፉ ከበሩ ወጥቶ አስፋልት ላይ ይደርሳል። ወጣቱም «ይቺን በር አፍርሰን ሰፊና የሚያምር በር እንሥራ» ብሎ ይነሳል። ገንዘብ ይዋጣል፤ ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ይልካሉ፤ ባለሙያ ሳይጠየቅ፣ ወረቀት ሳይያዝ ዶማ ይነሳል። ኒያው ኸይር ነው፣ አላህ ይቀበላቸው። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ከጸጸት አያልፍም።

በዚህ ጉዳይ አቋማችንን ከመጀመሪያው እናስቀምጥ። በር የተሠራው ሰው እንዲገባበት ነው። ስለዚህ መግባት ላቃተው ሰው መንገድ ማበጀት ግዴታችን ነው። የአባቶቻችንን በር ማፍረስ ግን የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

ከካዕባ በር የምንማረው

«የድሮ በር መቀየር ዲን ውስጥ ምን ያገባዋል?» የሚል ካለ የካዕባን ታሪክ ያስታውስ። ቁረይሾች ከነቢይነት በፊት ካዕባን ሲያድሱ ለሥራው የለዩት ሐላል ገንዘብ አለቀባቸውና የቤቱን አንድ ክፍል ውጭ ተዉት። በሩንም ከመሬት ከፍ አደረጉት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ምክንያቱን ነግረዋታል፤ የፈለጉትን ለማስገባትና ያልፈለጉትን ለመከልከል ነበር። ሕዝቧ ከጃሂሊያ ገና የወጣ ባይሆን ኖሮ የተተወውን ክፍል ወደ ቤቱ መልሰው በሩን ከመሬት ጋር እኩል እንደሚያደርጉትና ሁለት በር እንደሚያወጡለትም ነገሯት። ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የፈለጉት በር ዝቅ ያለ፣ መግቢያና መውጫው የተለየ፣ ማንንም የማያግድ በር ነበር። ሁለተኛ፣ ሐሳባቸው ትክክል፣ ሥልጣኑም በእጃቸው ሆኖ ሳለ የሰው ልብ እንዳይሸሽ ብለው ተዉት። ትክክለኛ ለውጥም ጊዜውንና የሰዉን ልብ ይጠብቃል ማለት ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ64 ዓመተ ሂጅራ ካዕባ በጦርነት ከተጎዳ በኋላ ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር (ረ.ዐ.) ሰዎችን ሰብስቦ አማከረ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) የተጎዳውን ብቻ ጠግኖ ሌላውን እንዲተወው መከረው። እሱ ግን ሦስት ቀን ኢስቲኻራ አድርጎ የአክስቱን የዓኢሻን ሐዲስ ይዞ አፍርሶ ሠራው፤ ሁለት በርም አወጣለት። በ73 ሲገደል ሐጃጅ ሁለተኛውን በር ደፈነ፣ የመጀመሪያውንም መልሶ ከፍ አደረገው። ቆይቶ ከዐባሲያ ኸሊፋዎች አንዱ እንደ ኢብኑ ዙበይር አድርጎ እንደገና ሊሠራው ኢማሙ ማሊክን ሲያማክር፣ ማሊክ የአላህ ቤት የነገሥታት መጫወቻ እንዳይሆን ሰግተው ከለከሉት። አንዱ ያፈረሰውን ሌላው እየሠራ፣ እሱ የሠራውን ደግሞ ሦስተኛው እያፈረሰ እንዳይቀጥል ነው። በኛ ከተሞችስ ኮሚቴ በተቀየረ ቁጥር በር የሚቀየርበትን መስጊድ አላየንምን?

ወቅፍ የኛ ንብረት አይደለም

መስጊድ ወቅፍ ነው። ኮሚቴውም፣ ኢማሙም፣ ገንዘብ ያወጣው ነጋዴም ባለቤቱ አይደለም፤ ሁላችንም ጠባቂዎች ነን። የወቅፍን ቅርጽ ለመቀየር የሚታይ መስለሓ ያስፈልጋል፤ «ያኛው መስጊድ በእብነ በረድ ሠርቷል» ማለት መስለሓ አይደለም። ሰዎች በመስጊድ ግንባታ መፎካከራቸው ከቂያማ ምልክቶች አንዱ እንደሆነ በሐዲስ ተነግሮናል።

የጎረቤትም ሐቅ አለ። በደረሳነታችን ሚንሃጅን ስንቀራ በሱልሕ ምዕራፍ ያለፍንባት መስአላ አለች፤ መውጫ በሌለው ጠባብ መንገድ ላይ ከዚያ በፊት በር ያልነበረው ሰው የመንገዱ ነዋሪዎች ሳይፈቅዱ በር መክፈት አይችልም። ያኔ ለከተማ ሰው የተጻፈች አልመሰለችንም ነበር። ዛሬ ግን መስጊዱ በጓሮ በኩል በር ሲከፍት የጎረቤት ሴቶች ግቢያቸው ውስጥ መቀመጥ ሲያቅታቸው፣ ጫማ በሰው ደጃፍ ሲከመር ትርጉሟ ይገባናል። ስለዚህ በሩ የሚከፈትበትን አቅጣጫ ከመወሰናችን በፊት ጎረቤቱን፣ ሙስሊም ሆነ አልሆነ፣ ቤቱ ሄደን እናነጋግር።

ሕጉስ ምን ይላል?

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነን ሕንፃ ለመጠገን ወይም ለማደስ የባለሥልጣኑ ፈቃድ አስቀድሞ እንዲገኝ ይጠይቃል። «አስቀድሞ» የምትለዋ ቃል ላይ እንቁም። ካፈረስን በኋላ ደብዳቤ መጻፍ ፈቃድ መጠየቅ አይባልም። መስጊዳችሁ በቅርስነት መመዝገቡን ካላወቃችሁ የከተማችሁን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ። ባይመዘገብም እንዲመዘገብ ለማመልከት ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውን ክፍል ማናገር ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች፣ ዊልቸር ለሚጠቀሙትም ጭምር፣ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። አንዱ ሕግ «አትንካ»፣ ሌላው «ክፈት» ያለ ይመስላል። በእውነቱ ግን አይጋጩም። ሁለቱን አብሮ የሚያስኬድ ንድፍ እንድንፈልግ ነው የሚያስገድዱን።

ችግሩ በእርግጥ በሩ ነውን?

ከዶማው በፊት አንድ ሁለት ጁሙዓ በሩ ላይ ቆመን እንመልከት። በምናገለግልበት መስጊድ ያስተዋልነውን እንናገር። መጨናነቁን የፈጠረው የበሩ ጥበት ሳይሆን ጫማ ነበር። ሰው ደፉ ላይ ቆሞ ጫማውን ያወልቃል፣ ሲወጣም እዚያው ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። የጫማ መደርደሪያው ከበሩ ራቅ ተደርጎ በግራና በቀኝ ሲቀመጥ ሰልፉ በግልጽ ቀለለ። ለዚህ ምንም ማፍረስ አላስፈለገም።

ሌላው፣ ብዙዎቹ የድሮ መስጊዶች በየዘመኑ የተጨመረ ክፍል አላቸው። ሁለተኛ በር ካስፈለገ በጥንታዊው ፊት ለፊት ሳይሆን በአዲሱ ክፍል ብሎኬት በኩል ይከፈት። ይህ ለአደጋ ጊዜም ይጠቅማል፤ አንድ በር ብቻ ያለው የተጨናነቀ ቤት እሳት ወይም ድንጋጤ ቢነሳ ወጥመድ ነው። የመውጫው መዝጊያ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን።

ለሴቶች የተለየ በር የሚለውም አዲስ ነገር አይደለም። በመዲና መስጊድ እስከ ዛሬ «ባቡ ኒሳእ» የሚባል በር አለ። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በሩ ለሴቶች ከተተወ በኋላ እስኪሞት ድረስ በዚያ በር እንዳልገባ ተዘግቧል። መስጊድ የሴቶችን በር አስቦ ማውጣቱ ሱና እንጂ ቅንጦት አይደለም።

ደፉ ከፍ ላለበት ደግሞ ተዳፋት መወጣጫ፣ ራምፕ የምንለው፣ ይሠራ። በተለመደው መስፈርት አንድ ሳንቲሜትር ለመውጣት አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ደፉ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ካለው ራምፑ 3 ሜትር ከ60 ይሆናል ማለት ነው። በየቦታው የምናየው አጭርና ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ራምፕ ዊልቸርን ወደ ኋላ ይገለብጣል፤ ለስም እንጂ ለሰው አልተሠራም። ከበሩ ፊት ዊልቸሩ የሚዞርበት ጠፍጣፋ ቦታ፣ በራሱም ላይ ቢያንስ 80 ሳንቲሜትር ክፍት ስፋት ያስፈልጋል። ራምፑ ከድሮው ግድግዳ ጋር ሳይጣበቅ፣ ነገ ቢነሳ ጠባሳ ሳይተው የሚነሳ ሆኖ ቢሠራ ይመረጣል። ደፉን ቆርጦ ማውረድ ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ደፉ የክረምት ጎርፍ የሚያቆመው እሱ ሊሆን ይችላል። በተለይ አስፋልቱ ከፍ ባለበት ሰፈር ደፍ ሲወርድ ውሃው ምንጣፉ ላይ ነው የሚገባው።

ግድግዳው ይናገራል

ይህ ሁሉ ተሞክሮ በሩ መስፋት አለበት ከተባለ መሐንዲስ ይምጣ። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ እንደ ብሎኬት አይደለም። ከበሩ በላይ ያለውን ክብደት ሁሉ የተሸከመው ጉበኑ ነው፤ መቃኑ ሲሰፋ ጉበኑ ይረዝማል፣ በረዘመ ቁጥርም ይጎብጣል፣ ግድግዳውም ከማዕዘኑ ይሰነጠቃል። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ከላይ ያማረ ግድግዳ ከውስጥ ይበሰብሳል። በኖራና በጭቃ የሚሠሩ የአካባቢው ግንበኞች ካሉ ከነሱ ይጠየቅ።

ከመነካቱ በፊት ሁሉም ይመዝገብ። ስልክ የሌለው ወጣት የለም። በሩን ከውጭም ከውስጥም ፎቶ አንሱ፤ ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ የግድግዳውን ውፍረት ለኩ። በመዝጊያው ወይም በጉበኑ ላይ ጽሑፍ ካለ ለዓሊሞች አሳዩ። ሽማግሌዎችን «ማን ሠራው? እንጨቱ ከየት መጣ?» ብላችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። የወለቀው መዝጊያ ለማገዶ አይሽጥ፣ እዚያው መስጊድ ውስጥ ይቀመጥ።

«ጭቃና እንጨት ነው» ለሚሉን

አንዳንድ ወንድሞች «በድሮ ሕንፃ መያዝ ቢድዓ ነው፣ የሚፈለገው ሶላቱ ነው» ይሉናል። የድሮ በር የምንጠብቀው በረካ ልንፈልግበት አይደለም። ምስክር ስለሆነ ነው። በዚህ አገር የሙስሊሙን ታሪክ የሚናገር ጽሑፍ በየሰዉ ሳጥን ተበትኗል፣ ብዙውም ጠፍቷል። የቀረልን አንዱ ምስክር ሕንፃው ነው። የሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በግንቡ ውስጥ የተቆጠሩት 82 መስጊዶች ነበሩ፤ አምስቱ ጥንታዊ በሮችም ከነስማቸው አሉ። ዛሬ መኪና የሚገባበት ስድስተኛው በር ከነሱ በኋላ የተጨመረ ነው። አዲሱ ሲመጣ አምስቱ አልጠፉም፤ ስለዚህም ዛሬ ለልጆቻችን የምናሳየው አለን። «እናንተ መጤ ናችሁ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ከትናንት ወዲያ የተገጠመ የአልሙኒየም በር ምን ይመሰክርልናል?

ይህን ስንል ግን አቅመ ደካማውን ደጅ አስቀምጠን ቅርስ እንጠብቅ ማለታችን አይደለም። በዊልቸር የመጣን አባት አራት ወጣት ተሸክሞ ማስገባቱ ለወጣቶቹ አጅር ቢሆንም፣ ለአባታችን በየወቅቱ መሳቀቅ ነው። በራሱ ጊዜ፣ በራሱ እጅ ገፍቶ መግባት ሐቁ ነው። የሁለቱንም ሐቅ መጠበቅ ይቻላል፤ የሚፈልገው ትንሽ ሶብርና ምክክር ነው።

እንግዲህ በከተማችሁ እንዲህ ያለ ሐሳብ ካለ ይህን ጽሑፍ ለኮሚቴው አድርሱት። ገንዘብ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሽማግሌዎችን፣ እናቶችንና አካል ጉዳተኞችን ሰብስቡ፤ መሐንዲስና የቅርስ ባለሙያ ጥሩ፤ ፈቃዱን በእጃችሁ ያዙ። ከዚያ በኋላ ዶማ ካስፈለገ በልበ ሙሉነት አንሱ።

አላህ ቤቶቹን ከሚያንጹት ያድርገን፣ የገነትንም በር ይክፈትልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።