ስለ ጭነት መኪና ነጂዎች የጤና ምርመራ



ስለ ጭነት መኪና ነጂዎች የጤና ምርመራ ያለኝን ሐሳብ ለመግለጽ ይህችን ጽሑፍ ልኬአለሁና በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሬን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤቴ፣ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ያለፈ፣ ከአጋርፋ ስንዴ እየጫኑ ወደ መሐል አገር የሚመላለሱ ነጂ፣ ማታ ወደ ቤቴ መጡና «መምህር፣ አንድ ነገር ጻፍልኝ» አሉኝ። መንጃ ፈቃዳቸውን የሚያሳድሱበት ጊዜ ደርሶ ነበር። እንድጽፍላቸው የፈለጉትም በዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞረው የተደረደሩትን ምልክቶች ነው፤ ይኸውም በተራ በተራ በቃላቸው አጥንተው ለመቅረብ ነበር። ቀድሞ የተመረመረ ባልደረባቸው ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶላቸው ኖሮ ይዘውት መጥተዋል፤ ነገር ግን ትንንሾቹን መስመሮች አቅርበውም አርቀውም ለይተው ማየት አልቻሉም። ይህን ማየቴ ብቻ በበቃኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ነገር አይበጅም» ብላቸው፣ «አምስት ልጆች አሉኝ፤ ሁለቱን የምታስተምራቸው አንተ ነህ» ብለው መለሱልኝ። ጻፍኩላቸው።

ምርመራውን አለፉ። ከሁለት ወር በኋላ ግን በዲንሾ አጠገብ ማታ በጉም ውስጥ ሲነዱ ከፊት የመጣ መኪና መብራት ዓይናቸውን አጭበረበረውና መንገድ የሚያቋርጥ የበግ መንጋ ውስጥ ገቡ። በጎቹ አለቁ፤ እረኛው ልጅ እግሩ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሱ ተረፈች። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የተገኘባቸው የዓይን ሞራ ነበር። ሞራ ከፊት የሚመጣውን መብራት በዓይን ውስጥ ስለሚበትነው ነጂውን የሚጎዳው ይልቁን በሌሊት ነው። ሕመሙ ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው፤ እርሳቸውም ታክመው ዛሬ አጥርተው ያያሉ። እንግዲህ እኔ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት የሸሸግሁት ሊድን የሚችል በሽታ ነበር ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት በአገራችን ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ ከሞራ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ ጎረቤቴ ብቻቸውን አይደሉም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 600፣ በኋላም በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1074 ስለ አሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ወጥተዋል፤ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰውም የጤና ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት። ጉድለቱ ያለው ነጂው ምርመራውን እንደ ሕክምና ሳይሆን እንደ ፍርድ በማየቱ ነው። ቢታመም እንጀራው እንደሚቀር ያምናል፤ ስለዚህ ይሸሽጋል። የስኳር በሽታ ያለበት መድኃኒቱን ደብቆ ይውጣል፤ ደም ግፊት ያለበት ከነሕመሙ መሪ ይጨብጣል። ከጎባ ተነሥቶ ሰኔቲን የሚሻገር ነጂ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የታመመ ልብ ይህንን ዐቀበት ወጥቶ፣ ወዲያው በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና ቈላ ቍልቍል ሲወርድ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

መሸሸግ በእኛ አገር ብቻ የሚደረግ አይደለም። ታኅሣሥ 13 ቀን 2007 ዓ.ም. በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ የአንድ የቆሻሻ መኪና ነጂ ራሱን ስቶ መኪናው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣና 6 ሰዎች ሞቱ። በኋላ በፍርድ ምርመራ እንደ ተገለጸው፣ ይህ ሰው በ2002 ዓ.ም. በአውቶቡስ መሪ ላይ ሳለ ራሱን ስቶ ነበር፤ ነገር ግን እውነተኛውን ታሪክ ለሐኪሞችና ለአሠሪዎቹ አልነገረም። የሠለጠነ ሕክምና ባለበት አገር እንኳ መሣሪያው ሁሉ የሚረዳው ተመርማሪው እውነቱን ሲናገር ነው።

ታዲያ ነጂው እውነቱን እንዲናገር ምን ይደረግ? በአሜሪካ የጭነት መኪና ነጂ የጤና ምስክር ወረቀት የሚያገለግለው ቢበዛ ለ2 ዓመት ነው። ከግንቦት 2006 ዓ.ም. ጀምሮም ምርመራውን የሚያደርጉት ሠልጥነውና ተፈትነው በብሔራዊ መዝገብ የተመዘገቡ ባለሙያዎች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘኝ ግን፣ በመርማሪዎቹ መመሪያ መሠረት የላይኛው የደም ግፊቱ ከ160 እስከ 179 የደረሰ ነጂ ወዲያው የማይባረር መሆኑ ነው። የ3 ወር ወረቀት ተሰጥቶት ይታከማል፤ ግፊቱ ከወረደለት የአንድ ዓመት ወረቀት ይቀበላል። እኛም በክፍላችን የምናደርገው ይህንኑ አይደለምን? ሰሌዳውን ማየት የተሳነውን ተማሪ ወደ ፊተኛው ወንበር እናዛውረዋለን እንጂ ከትምህርት ቤት አናስወጣውም።

የአገራችንም ሕግ ለዚህ በር ከፍቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ አዲስ የሚቀጠሩትንና በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን ሠራተኞች እንደ ሥራው ጠባይ አሠሪው በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል፤ ከዚህ ውጪ የሆነው የኤች አይ ቪ ምርመራ ብቻ ነው። ሌሊት ከባድ መኪና ከመንዳት የበለጠ አደገኛ ሥራ የትኛው ነው? ስለዚህ ባለንብረቶችና የጭነት ማኅበራት ምርመራውን ቢከፍሉ፣ ነጂው እስኪታከም ድረስም ቦታውን ቢጠብቁለት፣ የሚሸሸግ ነገር ይቀንሳል። በባሌ ደጋ አዝመራ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለት የገናና የቦና ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ጭነት ሲቀዘቅዝ ምርመራና ሕክምና ማድረግ ሥራ አያስፈታም። የዓይን ሰሌዳውም በየጊዜው ይለዋወጥ፤ አንድ ዓይነት ፈተና ዓመት በዓመት የሚሰጥ መምህር የሚለካው የተማሪውን ዕውቀት ሳይሆን የኮራጁን ትጋት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «አደጋ የሚያመጣው ፍጥነት፣ መንገድና ያረጀ መኪና ነው» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እነዚህም ብዙ ሕይወት ይቀጥፋሉ። ሆኖም የመኪናውን ፍሬን የምንፈትሽ ሰዎች ፍሬኑን የሚረግጠውን እግርና መንገዱን የሚያየውን ዓይን ሳንፈትሽ ብንቀር ሥራችን ግማሽ ነው።

በመጨረሻ የምለምነው በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የሚይዙትን ወገኖቼን ነው። በጤና ወረቀት ላይ የሚያርፈው ማኅተም ቀለም ብቻ አይደለም፤ ከዲንሾ እስከ አዲስ አበባ በመንገድ ዳር ለሚሄድ ሰው ሁሉ የተሰጠ ቃል ነው። እኔ በበኩሌ ያንን ወረቀት የጻፍኩበትን ማታ አልረሳውም። እረኛው ልጅ አሁን ድኖ ይሄዳል፤ ነገር ግን በመንገድ ባየሁት ቁጥር ያ ወረቀት ትዝ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአጋርፋ