ጨረቃ ላይ በምን ይበራል?

ጨረቃ ላይ ቤት ሠርተው ለመቀመጥ የሚያስቡ አገሮች አሉ። አሜሪካና ቻይና ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ታዲያ እዚያ የሚኖር ሰው በምን ያበራል? በምንስ ይሞቃል?

እኛ ዘንድ ባሕር ዛፍ አለ፤ ኩበት አለ፤ ኩራዝ አለ። ጨረቃ ላይ እንጨት የለም። ቢኖርም አይነድም። እሳት አየር ይፈልጋል፤ እዚያ ግን አየር የለም። በሚነድ ጧፍ ላይ ብርጭቆ ድፉበትና እዩት። ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ነፋስም የለ፣ ወራጅ ውኃም የለ። በ2002 ዓ.ም. የጣናን ውኃ ይዞ ሥራ እንደጀመረው እንደ በለስ ያለ ማመንጫ አይታሰብም።

የቀረው ፀሐይ ነው። ሶላር በክረምት፣ ደመናው ጮቄን ሲሸፍን፣ እንዴት እንደሚደክም እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው ስትገዙ ሻጩን፣ «ባትሪው ስንት ሌሊት ይይዛል?» ብላችሁ ጠይቁ የምንለው። ጨረቃ ላይ ደመና የለም። ችግሩ ሌሊቱ ነው። አንዱ ሌሊት የእኛን 14 ቀን ያህላል። በመስቀል ዕለት ቢመሽ የሚነጋው ጥቅምት 1 ቀን ነው ማለት ነው! ብርዱም ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ ያልፋል። የጮቄ ውርጭ ከዚያ ጋር ሲተያይ ሙቀት ነው።

ይኸ በሥራ ታይቷል። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያን መጀመሪያ ጨረቃ ላይ ሲወርዱ፣ የጨረቃን መንቀጥቀጥ የሚለካ መሣሪያ ትተው መጡ። የሚሠራው በፀሐይ ነበር። ሲመሽ ቆመ። ሲነጋ እንደገና ቢነሣም፣ ነሐሴ ሳያልቅ ጨርሶ ተበላሸ።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. የሄዱት ሌላ ዘዴ ያዙ። ፕሉቶኒየም የሚባል ብረት አለ። ማንም ሳይለኩሰው ከራሱ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቀቱም ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። በዚህ ኃይል መሣሪያዎቹ ቀንም ሌሊትም እስከ 1970 ዓ.ም. ሠሩ። ያኔም ወጪ ለመቀነስ ሰዎች ዘጓቸው እንጂ ኃይሉ አላለቀም ነበር።

ሰው ለሚኖርበት ቤት ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ኃይል ያስፈልጋል። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በ2014 ዓ.ም. የ40 ኪሎዋት የኒውክሌር ማመንጫ ንድፍ የሚያወጡ ሦስት ቡድኖችን መረጠ። 40 ኪሎዋት ማለት አሥር ያህል የኤሌክትሪክ ምጣድ ባንድ ጊዜ ያስጋግራል።

ሌላም ምርጫ አለ። በጨረቃ ደቡብ ጫፍ፣ ፀሐይ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ የማትለያቸው ኮረብታዎች አሉ። እኛን ቢጠይቁን፣ ሶላሩን ከኮረብታው ጫፍ ላይ እንዘረጋው ነበር። የኒውክሌሩን ማመንጫ ደግሞ ጨረሩ ሰው እንዳይጎዳ ከኮረብታው ማዶ፣ ራቅ አድርገን። ፀሐይ ሳለች በሷ፣ ስትጠፋ በሱ።