ከሸማኔው ድር የሚገኝ የሥዕል ትምህርት

ሰው ሥዕልን ወይም ሌላ የእጅ ሥራን አይቶ «ያምራል» ወይም «አያምርም» ብሎ መፍረድ ይቀለዋል፤ ስለ ምን እንዳማረ ቢጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ መልስ ያጣል። ይህም የሚሆነው ዓይኑ ሳያይ ቀርቶ አይደለም፤ ያየውን የሚገልጽበት ቃል ስላልተማረ ነው። እንግዲህ በዚህ ወር ለወላጆችና ለልጆች ይህን ቃል እናቀርባለን። ምሳሌውንም ከሩቅ አገር መጽሐፍ አንፈልግም፤ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በጨንቻና በዶርዜ ደጋ በየቤቱ ይገኛልና።

አስቀድመን የነገሩን ሥር እንያዝ። ጥበብ ማለት ቀለም ማብዛት አይደለም፤ ያለውን በተገቢው ስፍራ ማኖር ነው። ለዚህም ነጠላ ምስክር ይሆነናል። አንዲት ሴት ለቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን መስቀለኛ ታጣፋለች፤ ለለቅሶ ስትሄድ ዘቅዝቃ ትለብሳለች። ድሩም ማጉም ጥለቱም ያው ነው፤ የተለወጠው የጥለቱ ስፍራ ብቻ ነው። ሆኖም በመንገድ የሚያያት ሁሉ ተሳላሚ ወይም ሐዘንተኛ መሆንዋን ሳትናገር ያውቃል። ሠዓልያን ቅንብር የሚሉት ይህንኑ ነው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብን ትምህርት ቤት ካቋቋሙ ወዲህ ይህ ዕውቀት በክፍል ይሰጣል፤ የጋሞ ሸማኔ ግን ከዚያ በፊትም ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ይማረው ነበር።

የቅንብር ሕግጋት ብዙ ቢሆኑም ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው።

አንደኛው ሚዛን ነው። የነጠላ ጥለት በሁለቱ ጫፍ ይውላል፤ አንዱ ጫፍ ለሌላው ይመልስለታል። ደግሞም ጥቂት ደማቅ ቀለም ሰፊውን ነጭ ይመዝናል፤ ደማቁ ቢበዛ ነጩ ይዋጣል።

ሁለተኛው ምት ነው። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ቅርጹ በቍጥር እየተደገመ ይወጣል። ከበሮና ጸናጽል ለዜማ የሚሰጡትን ሥርዓት ድግግሞሽ ለዓይን ይሰጣል። ነገር ግን ያለ ለውጥ የሚደገም ነገር ያሰለቻል፤ ስለዚህ ብልኅ ሸማኔ በየመካከሉ ቀለሙን ይለውጣል።

ሦስተኛው ተቃርኖ ነው። የጋሞ ዱንጉዛ ቀይ፥ ቢጫና ጥቁር ነው። ቢጫው እንዲያ የሚያበራው ጥቁሩ በአጠገቡ ስላለ ነው።

አራተኛው ምጣኔ ነው፤ ይኸውም የአንዱ ክፍል መጠን ከሌላው ጋር መስማማቱ ነው። የዶርዜን ቤት ተመልከቱ። ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተሸምኖ እጅግ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የፊቱም ቅርጽ በዝሆን ፊት ይመሰላል። ምስጥ እግሩን በበላው ቍጥር ቤቱ በየዘመኑ ያጥራል፤ ወርዱ ግን ያን ያህል አይቀንስም። ስለዚህ ቁመቱን ከወርዱ ጋር የሚያስተያይ ሰው ቤቱ አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑን ሳይጠይቅ ይለያል።

አምስተኛው አጽንዖት ነው፤ ዓይን አስቀድሞ ወዴት እንዲሄድ መምራት ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፥ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ማንን ማክበር እንደሚገባው ከሥዕሉ ይረዳል።

ይህን ሁሉ የምንናገረው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በቀድሞ ዘመን ሸማኔ በሞያው ይሰደብ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ ቢቀንስም ንቀቱ በገበያ ይታያል። የቅንብርን ነገር የማያውቅ ገዢ የሚጠይቀው ዋጋን ብቻ ነው፤ በፋብሪካ የታተመውን የጥለት አምሳያና በእጅ የተሸመነውን አንድ ያደርጋቸዋል። ዋጋው በወደቀ መጠን ደግሞ ጉዳቱ ወደ ደካማው ይወርዳል፤ ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ትምህርታቸውን እየተዉ ወደ አዲስ አበባ የሽመና ቤቶች ሲወሰዱ ኖረዋልና። ስለዚህ ማየትን መማር ለባልንጀራ የሚገባውን ዋጋ መስጠትን መማር ነው።

እናንተም ወላጆች፥ በአንድ የሰንበት ከሰዓት በኋላ ነጠላችሁን በልጆቻችሁ ፊት ዘርጉ። «ዓይንህ አስቀድሞ ወዴት ሄደ? የሚደገመው የትኛው ነው? በስንተኛው ላይ ተለወጠ? ይህን ቀለም ብናወጣው ምን ይጎድላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም ጥለቱን ገልብጣችሁ አሳዩ፤ የታተመው በጀርባው ይደበዝዛል፥ የተሸመነው ግን ፈትሉ በጀርባውም ይታያል። ልጁ ከመለሰ በኋላ ይህን የሠራው ሰው ስንት ጊዜ መወርወሪያውን እንደ ወረወረ ያስብ። ከዚያ በኋላ ሸማኔን በመንገድ ሲያገኝ በአክብሮት እጅ ይነሣል።