ሞገዱ የሕዝብ ነው፤ የቆላው ድርሻ የታለ?

ወገን! ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ የሚሠራው በአየር ሞገድ ነው። ሞገዱ ደግሞ እንደ መሬቱና እንደ ውኃው የሕዝብ ሀብት ነው። ኩባንያ በፈቃድ ይጠቀምበታል እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

የ2013ቱ የቴሌኮም ጨረታ ትዝ ይላችኋል? ለሁለት ፈቃድ የቀረቡት ሁለት ተጫራቾች ብቻ ነበሩ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ። ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ጸደቀ፤ የሁለተኛው ዋጋው አነሰ ተብሎ ተመለሰ። ያኔ ሁሉም የተከራከረው ስለ ዶላሩ ነው። በዛ? አነሰ? ሽፋኑን ግን ስንቱ ጠየቀ?

ዶላሩ ካዝና ይገባል። ገጠር ድረስ ማማ የሚያስተክለው ግን በፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ግዴታ ነው። ግዴታው «ከሕዝቡ ይህን ያህል በመቶ ሸፍን» ብቻ ካለ፣ ኩባንያው ቁጥሩን ከተማ ላይ ይሞላዋል። ሕግ አልጣሰም፤ ሒሳቡን ነው የሠራው።

አሁን መተማን እዩ። ሰሊጥ ሲደርስ ብዙ ሺህ የቀን ሠራተኛ ከደጋው ወደ መተማና ቋራ እርሻዎች ይወርዳል። ይህ ሰው ነዋሪ ተብሎ የሚቆጠረው በቀዬው ነው እንጂ በሰሊጡ ማሳ አይደለም። ወባ ወይም ካላዛር ሲጥለው ግን እርዳታ የሚጠራው ከማሳው ነው። ኔትወርክ የሌለው ገበሬም የጎንደርን ዋጋ ሳያውቅ ደላላ በነገረው ይሸጣል።

«አይቻልም» እንዳትሉ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2010 የ800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ስታጫርት፣ አሸናፊዎቹ ፈጣን ኢንተርኔት የራቃቸውን ትናንሽ የገጠር መንደሮች አስቀድመው እንዲሸፍኑ አስገድዳለች። ዝቅ ያለ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ሜዳማ ቆላ ላይ ጥቂት ማማ ብዙ ማሳ ይይዛል።

ስለዚህ ፈቃድ ለጨረታ በወጣ ቁጥር ጥያቄያችን ይህ ይሁን፦ ሽፋኑ በሰው ቁጥር ብቻ ሳይሆን በመሬት ስፋትም ይለካ። ገንዳ ውኃ፣ መተማ ዮሐንስ፣ ቋራ በስም ይጻፉ። የጊዜ ገደብና ቅጣት ይኑረው። ግዴታው ሲከብድ ተጫራቹ የሚያቀርበው ዋጋ ሊቀንስ ይችላል። ይቀንስ! ካዝናው ያጣው ማሳው ዳር ማማ ሆኖ ይቆማል።

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም የወደቁት መተማ ላይ ነው። ንጉሥ የሞተለት ድንበር «ኔትወርክ የለም» እየተባለ መኖር የለበትም።

በእናንተ ቀበሌ ኔትወርክ የሚጠፋው የት ጋ ነው? ቦታውን በስም ጻፉ፤ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም አድርሱ። ሼር!