ገበሬው ተነሣ፤ መኪናውስ?

ከድብ ባሕር ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥተው ደባርቅ የሚደርሱ ባለ ላንድክሩዘሮች አሉ። በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ አንገታቸውን ደፍተው ይነዳሉ። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲገቡ ግን ንጉሥ ይሆናሉ፤ መንገዱ ከረገረገ ጎማቸውን ወደ ጓሳው ይሰዱታል። «አንዴ ቢረገጥ ምን ይሆናል?» ይሉሃል። ተከታዩም ያንኑ ፈለግ ይይዛል። ክረምት ሲገባ ፈለጉ ቦይ ሆኖ አፈሩን ይዞት ይወርዳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ፍርዱ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ የተባለው ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ሲመዘገብ፣ ከእርሻው ጋር መንገዱም ተከሷል። በ2017 ከዚያ መዝገብ እስኪወጣ ድረስ የግጭ ገበሬ ቤቱን ነቅሎ ደባርቅ ገባ። እሺ፣ ዋልያ ሌላ አገር የለውም፤ ይሁን እንበል። ታዲያ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ጥሩንባውን እየነፋ ጭላዳ የሚበትነው ሰውዬ ምን ተቀማ? በጎችህ ሣር ጨረሱ ተብሎ ለተነሣ ሰው፣ ጓሳ የሚያርሰውን ጎማ ምን ብለን እናስረዳዋለን? እንግዳ ይዞ መጥቷል፣ ዶላር አለው እንበለው?

ኧረ ተዉ! ትኬት የሚቆርጠው ኬላ ሲመለሱም ጎማቸውን ይይ፤ ከመንገድ የወጣውን ይቅጣ፤ ገንዘቡንም ለተነሡት ይስጥ።