ከሄልሜት በፊት፦ በግንባታ ሥፍራ ከላይ የሚወድቅ ቁስና የመከላከል ኃላፊነት

በከተሞቻችን በመገንባት ላይ ባሉ ሕንፃዎች መግቢያ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ማስጠንቀቂያ «ያለ ሄልሜት መግባት ክልክል ነው» የሚል ነው። ማሳሰቢያው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን ከፎቅ የሚወድቀውን የብሎኬት ስብርባሪ፣ የፌሮ ቁራጭና መዶሻ የመከላከሉን ኃላፊነት ሥራውን ከሚመራው አካል አንሥቶ በሠራተኛው ራስ ላይ ይጭናል።

ጉዳዩን ቀላል ስሌት ያስረዳል። 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን የኮንክሪት ስባሪ ከ20 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ፣ የአየር ግጭት ካልታሰበ፣ በ2 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርሳል፤ በዚያን ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር፣ ጉልበቱም 390 ጁል ያህል ይሆናል። የአውሮፓ የኢንዱስትሪ ሄልሜት ደረጃ ኢኤን 397 ሄልሜትን የሚፈትነው 5 ኪሎ ግራም ክብደት ከ1 ሜትር ከፍታ በመጣል፣ ማለትም በ49 ጁል ነው። ስባሪው የተሸከመው ጉልበት የፈተናውን ስምንት እጥፍ ያህላል። «ተጠንቀቅ!» የሚለው ጩኸትም ቢሆን በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተሰምቶ፣ ሰው አቅጣጫውን ለይቶ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ሄልሜት የመጨረሻው መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም።

የመከላከል ሥርዓቱ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ቁሱ እንዳይወድቅ ማድረግ ነው፤ በመወጣጫውና በወለሉ ጠርዝ ላይ ጣውላ ማቆም፣ ብሎኬትን ከጠርዝ አርቆ መደርደር፣ የእጅ መሣሪያን በገመድ ማሰር። ሁለተኛው የወደቀውን በመረብና በጠንካራ ጣሪያ መያዝ ነው። ሦስተኛው ሰውን ከመውደቂያው ሥፍራ ማራቅ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ የጠርዝ ጣውላ ቁመት ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከ6 ሜትር ገደማ በላይ ከፍታ ከሕንፃው ግድግዳ ውጪ የሚጣል ፍርስራሽም በተዘጋ ቱቦ እንዲወርድ ያዝዛል። ከእነዚህ አንዱም የረቀቀ ቴክኖሎጂ አይሻም።

በአገራችን በባሕር ዛፍ አጣና የሚሠራው መወጣጫ ብዙ ጊዜ ይተቻል። ይሁንና ከሚወድቅ ቁስ አንጻር ችግሩ እንጨቱ ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ የመቆሚያው ጣውላ ክፍተት አለው፣ ጠርዙም ክፍት ነው። ከሥሩ ደግሞ አሸዋና ድንጋይ በባሬላ የሚያመላልሱ የቀን ሠራተኞች ይተላለፋሉ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ መንገደኛው፣ ተማሪውና ጀበና ይዛ የተቀመጠችው ቡና ሻጭ አሉ። እነዚህ ሄልሜት አድርጉ ሊባሉ አይችሉም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አዋጁ የሚገዛው ግን የሥራ ግንኙነትን ነው፤ መንገደኛው ከዚህ ውጪ ይቀራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ቢገልጽም፣ የካሣ ክርክር የሚጀመረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሕይወት ያለፈበትን ቤተሰብ ካሣ አይመልሰውም።

ተቋራጮች የሚያነሡት ተቃውሞ ወጪ ነው። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ጨረታው በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸነፍ ከሆነ፣ ለመረብና ለመተላለፊያ ጣሪያ ገንዘብ የመደበ ተቋራጭ ምንም ካልመደበው ጋር ተወዳድሮ ይሸነፋል። መፍትሔውም ከዚያው ይነሣል፤ የጠርዝ ጣውላ፣ መረብ፣ የፍርስራሽ ማውረጃ ቱቦና የእግረኛ መከለያ ጣሪያ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ መስመሮች ሊሆኑ ይገባል። አማካሪው መሐንዲስ አርማታንና ግንብን እንደሚለካ እነዚህንም ለክቶ ክፍያ ያጽድቅ፤ ካልተሠሩ ቀጣዩ ፎቅ አይጀመር። ያን ጊዜ ደኅንነት የተቋራጩ በጎ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ የውሉ አካል ይሆናል።

የግንባታ ምሕንድስና ተመራቂዎች በቅርቡ የሥራ ዝርዝር የሚያዘጋጁ፣ ክፍያ የሚያጸድቁና ሥራ የሚያስቆሙ ናቸው። የሄልሜት ማስጠንቀቂያው በመግቢያው ይቆይ፤ ከላይ ያለው ጠርዝ ሳይዘጋ ግን ከሥሩ ሰው እንዲያልፍ መፍቀድ የለባቸውም።